«ምንም የለም» የሚለው አዝራር

ትዕግሥት ሲታደል እኔ ሌላ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ስለዚህ መምህራችን በመጀመሪያው ቀን ክፍል ገብታ፣ ማርከሯን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ «በዚህ ኮርስ ትልቁ ሥራችሁ ዝም ማለት ነው» ስትለን ሳቄ አመለጠኝ። የመጣነው የሞባይል መተግበሪያ ንድፍ ልንማር ነው፤ ሰው ስልኩን ሲከፍት መጀመሪያ ምን እንደሚያይ፣ ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ፣ የት ጋ ሲደርስ ተናዶ እንደሚዘጋው። ዝም ለማለትማ ቤቴ መች አነሰኝ? እርግጥ እዚያም አይሆንልኝም፤ እናቴን ጠይቁ።

መምህራችን ሳቄን ሰምታ ወደ ፊት ጠራችኝ። ስልኳን ለአንድ ልጅ ሰጠችና እኔን አጠገቡ አቆመችኝ። «እሱ ይሞክር፤ አንቺ ቀኝ እጅሽን አፍሽ ላይ አድርጊ» አለችኝ። ልጁ የማይሆን ቦታ ሲነካ ከጣቶቼ መሀል «እዚያ አይደለም!» የሚል ድምፅ አፈተለከ። ክፍሉ አውካካ።

«አየሽ» አለች መምህራችን፣ «ሰውየው ስልኩን ይዞ ቤቱ ሲገባ አንቺ ኪሱ ውስጥ ተቀምጠሽ አትሄጂም። ሲቸገር ዝም ብለሽ እዪው። ጥፋቱ ያንቺ ነው፤ የሱ አይደለም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ «እጅ አፍ ላይ» የክፍላችን ሕግ ሆነ።

ሁለተኛው ሕጓ ደግሞ በሐሳብ ለፈጠርነው ሰው ምንም ነገር አለመሥራት ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን እውነተኛ መሥሪያ ቤት ተሰጠው። አንዱ ቡድን መድኃኒት ቤት ደረሰው፣ ሌላው ቤተ መጻሕፍት፤ ለእኔና ለቀለሜ የደረሰን የከተማው አውቶቡስ ጋራዥ ነበር። ቀለሜ የምንለው እንደሌላው ቀለሜ መጽሐፍ ላይ ስለሚያፈጥ አይደለም፤ የአንዱን አዝራር ቀለም በቀን ስምንት ጊዜ ስለሚቀያይር ነው። ጋራዡን ስሰማ እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ አባቴ እዚያ ሹፌር ነው። ችግር አለው?»

«እንዲያውም ጥሩ ነው» አለችኝ። «ስትሳሳቺ እራት ላይ ትሰሚዋለሽ።»

አባቴ አርባ ሰባት ቁጥርን ከያዘ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጠዋት አውቶቡሷን ሳያስነሳ መሪውን በገዛ ጨርቁ ይወለውላል፣ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ይቆልፋል፣ ከዚያ በኋላ ክላክስ ሲያደርግ የሰማው ሰው የለም። ድምፅ ማሰማት አይወድም። እኔ የወጣሁት በእናቴ ነው።

ጋራዡ ሰማንያ አራት አውቶቡሶች አሉት። ሹፌሮቹ ብልሽት ሲገጥማቸው ለዋናው መካኒክ በአፍ ይነግሯቸዋል፣ ግማሹ ይረሳል። ሥራ አስኪያጁ ይህ ሁሉ ስልክ ላይ እንዲሆን ፈለጉ፤ እኛም ሠራንላቸው። ሹፌሩ የአውቶቡሱን ቁጥር ይመርጣል፣ ከስልሳ ሦስት ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ የተበላሸውን ይነካል፣ ካጣው ደግሞ መጨረሻ ላይ «ሌላ» የሚል አለለት። መካኒኩ አውቶቡሱን አይተው ከሁለት አዝራሮች አንዱን ይጫናሉ፦ «ተጠግኗል» ወይም «ምንም የለም»። ሁለተኛዋን የጻፍኳት እኔ ነኝ። አጭር ናት፣ ግልጽ ናት፣ በአንድ እይታ ትነበባለች። ክፍል ውስጥ ስናሳያት ተጨበጨበልን፤ እኔም አንድ ሳምንት ሙሉ እግሬ መሬት አልነካም።

ከሦስት ሳምንት ሙከራ በኋላ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ መምህራችን ውጤቱን ግድግዳው ላይ አበራችው። ከሁለት መቶ አሥራ ሁለት የብልሽት መልእክቶች መቶ ሰባ አንዱ «ሌላ» ይላሉ። ደሜ ፈላ።

«አያነቡም እኮ!» ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። «ስልሳ ሦስት ዕቃ በፊደል ተራ ደርድረንላቸው!»

መምህራችን አልተቆጣችም። ማርከሯን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ ክዳኑን ገጠመችና «ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ጋራዥ። እጅ አፍ ላይ» አለችኝ።

እሷ የነገረችኝ እራት ደግሞ የዚያኑ ዕለት መጣ። ገና ማዕድ ሳይነሳ አባቴ ከሸሚዙ ኪስ አንድ ደብዳቤ አውጥቶ ከጨው ዕቃው አጠገብ አኖረው። እናቴ አነሳችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። አርባ ሰባት ቁጥርን ብልሽት አለባት በማለት ሦስት ጊዜ ከስምሪት አስወጥቷል፤ ሦስቱንም ጊዜ የመካኒኩ መልስ «ምንም የለም» የሚል ነው፤ ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ከመሪ ላይ ተነስቶ የግቢው በር ላይ ይመደባል።

«ምን ማለት ነው ምንም የለም?» አለች እናቴ። «ውሸታም ነው ነው የሚሉት? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ መስታወት ሳይጭር!»

እጄን ከትሪው ሰበሰብኩ። ቃሏን አውቃታለሁ፤ የጻፍኳት እኔ ነኝ። አባቴ ከመሪ ላይ ሊነሳ ነው፣ ያስነሳችው ደግሞ የእኔ አዝራር ናት። ይባስ ብዬ ደግሞ «ግን እርግጠኛ ነህ፣ አባዬ?» አልኩት። ከአፌ እንደወጣ ልመልሰው ብፈልግም አልሆነም። አባቴ ከትሪው ቀና አለ።

«ድምፅ አለ» አለ።

«ምን ዓይነት ድምፅ?»

«ድምፅ ነዋ።»

«እስቲ በአፍህ አሰማኝ።»

«እኔ ትልቅ ሰው ነኝ እኮ፣ ልጄ። እንደ ሕፃን መኪና መኪና ልጫወት?» ደብዳቤውን በአራት አጥፎ ኪሱ መለሰና እጁን ሊታጠብ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ዳግመኛ አልጠየቅኩትም፤ በምን ፊቴ!

ጠዋት ጋራዡ ናፍጣና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። ዋና መካኒኩን፣ ሁሉም «ዋናው» የሚሏቸውን፣ ያገኘኋቸው ከአንድ አውቶቡስ ሥር ተኝተው ነው፤ የሚታየኝ ሁለት ጫማ ብቻ ነበር። አንድ የዘይት በርሜል ላይ ተቀመጥኩና እጄን አፌ ላይ አደረግኩ።

አንዱ ሹፌር መጣና ወደ ጫማዎቹ ጎንበስ አለ። «ዋናው፣ ስዞር ጢው ጢው ጢው ትልብኛለች።»

«ወደ ግራ ስትዞር ነው ወደ ቀኝ?» አሉ ጫማዎቹ።

«ወደ ቀኝ።»

«የግራ እግሯ ኩሽኔታ ነው። አሥር ሰዓት ላይ አምጣት።»

ሌላው መጣ። «ስነሳ ግግግግግ፣ ከዚያ ጧ!» ጫማዎቹ ሳይነቃነቁ «ፍሪሲዮን» አሉ። ሦስተኛው ምንም ሳይናገር በአፍንጫው ረጅም ፉጨት አሰማ። ዋናው ከታች ሆነው ያንኑ ፉጨት አስተካክለው መለሱለት፤ እሱ ራሱን ነቀነቀ፤ እሳቸው «ቀበቶዋ ላልቷል» አሉት። ነገሩ አለቀ ስል ሹፌሩ ግዴታ ነውና ስልኩን አወጣ። የእኔን ስልሳ ሦስት ዕቃዎች ወደ ላይ ገፋቸው፣ ገፋቸው፣ በረጅሙ ተነፈሰና «ሌላ» የሚለውን ነካ።

ከበርሜሉ ላይ ዘልዬ ወረድኩ። ሰዎቹ እኮ የሚያውቁት ድምፁን ነው! የዕቃውን ስም ማወቅ የመካኒኩ ሥራ ነው፤ እኛ ግን ሹፌሩን መካኒክ እንዲሆን ጠየቅነው። ደስታው ሕጉን አስረሳኝና ጮኽኩ። ዋናው ደንግጠው ከታች ሲወጡ ግንባራቸውን ከብረቱ ጋር አጋጩት።

«ምን ሆንሽ፣ ልጄ?»

ይቅርታ ጠይቄ፣ እግረ መንገዴን ሌሊቱን ሙሉ ሲበላኝ ያደረውን ጠየቅኳቸው። «አርባ ሰባት ቁጥርን ለምን ምንም የለም አሏት?»

«ምን ልበል ታዲያ?» አሉ ግንባራቸውን እያሹ። «እዚሁ ግቢ ውስጥ ሦስት ጊዜ ነዳኋት፣ አልሰማሁም። ስልኩ ላይ ያለው ሁለት ነገር ነው። አልጠገንኳት፤ የቀረው ያ ብቻ ነው።»

«ድሮ ቢሆን ምን ይሉት ነበር?»

«ድሮማ እስካሁን አልሰማሁትም፣ እስቲ ድገምልኝ እለው ነበር።»

ክው አልኩ። ሰውየው አባቴን ውሸታም አላሉትም። ያልኩት እኔ ነኝ፣ አጭርና ግልጽ አድርጌ።

ወደ ትምህርት ቤት የሄድኩት በሩጫ ነው። መምህራችን ደረጃ እየወጣች ነበር፤ ትንፋሼ እየተቆራረጠ «ቲቸር፣ በአፋቸው ነው! ጢው ጢው ነው የሚሉት! ይቅዱት፣ ድምፁን በአፋቸው ይቅዱት!» አልኳት። ምኑም አይገባትም ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ደረጃው ላይ ቦርሳዋን አስቀምጣ ሳቀች። «ማቅረቢያችሁ ዓርብ ነው። ምን ቆመሽ ታወሪኛለሽ?»

እነዚያን ሁለት ቀናት አልረሳቸውም። ስልሳ ሦስቱን ዕቃዎች ጠራርገን አወጣናቸው። በምትካቸው አንድ ትልቅ ክብ አዝራር አስቀመጥን፤ ከላዩ «እንዴት ነው የምትጮኸው?» ይላል። ተጭነህ በአፍህ ታሰማለህ። ከዚያ «መቼ?» ብሎ ስነሳ፣ ስዞር፣ ዳገት፣ ቁልቁለት፤ ቀጥሎ ሙሉ ወይስ ባዶ። አለቀ! ለመሞከር የክፍሉን ልጆች ሁሉ አስጮኽናቸው። ሠላሳ ስምንት ተማሪ ግማሹ እያፏጨ፣ ግማሹ እያንኳኳ፣ አንዷ እንደ ላላ ጭስ ማውጫ እየተንፈቀፈቀች ሳለ የጎረቤት ክፍል የሒሳብ መምህር በሩን ከፍተው ቆሙ። አዩን፣ አዩን፣ በሩን ቀስ ብለው መልሰው ዘጉት። ቀለሜ እንኳ የአዝራሩን ቀለም የቀየረው አራት ጊዜ ብቻ ነው።

«ምንም የለም» ግን እዚያው ነበረች። በምን እንደምተካት ቀለሜን ብጠይቀው «ቆይ፣ መጀመሪያ የሹፌሩ ገጽ ይለቅልን» አለኝ። እውነቱን ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የጋራዡ መሰብሰቢያ አዳራሽ ሞላ። ከፊት ሥራ አስኪያጁ ክራቫታቸውን እየጎተቱ፣ ከጎናቸው ዋናው የዘይት እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ መሀል የእኛ ክፍል፣ ከኋላ ከፈረቃ የወጡ ሹፌሮች። አባቴ የመጨረሻው ወንበር ላይ ነበር፤ የአንገት ቁልፉን ቆልፏል። መምህራችን እንደ ልማዷ «ይህን ገጽ አይቶት የማያውቅ ሰው ይሞክርልን» አለች።

ማንም አልተነሳም። ለዋናው ጫማ ጢው ጢው ማለት ሌላ ነገር ነው፤ በሥራ አስኪያጁ ፊት ግን እነዚያ ሁሉ ፉጨተኞች ድንገት መሬት መሬቱን አዩ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን ተመለከቱ። ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ።

«ከሰኞ ጀምሮ በር ላይ ነኝ» አለ አባቴ ወደ ፊት እየመጣ። «ዛሬ ግን ሹፌር ነኝ። ስጪኝ።»

ስልኩን ሰጠሁትና ቀኝ እጄን አፌ ላይ አደረግኩ። አባቴ ገጹን አየው። ጣቱ ከአዝራሩ በላይ ቆመ፣ ወደ ጎን ሄደ፣ ተመለሰ። «ተጫነው፣ አባዬ!» ልል የምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ መዳፌን ነከስኩት። እስካሁን ምልክቱ አለ። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ፣ አዝራሩን ተጫነ፣ እና ያ ቤት ውስጥ ሲያንኮራፋ እንኳ የማይሰማ ሰው ከደረቱ ሥር «ውውውውም… ውውውውም… ውውም ቅ ቅ ቅ ቅ» አለ።

ልጆቹ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም፤ «ቁልቁለት»ን ነካ፣ «ሙሉ»ን ነካ፣ ላከው። የዋናው ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ጮኸ። አውጥተው ድምፁን ሰሙት። ደገሙት። ሦስተኛ ጊዜ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሲሰሙ ጨርቁ ከእጃቸው ወደቀ።

«ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነው?»

«ሦስተኛ» አለ አባቴ። «ፍሬን ሳልነካ።»

«የመሀል ኩሽኔታዋ ናት!» ዋናው ብድግ አሉ። «የዘንጉን መሀል የያዘችው! እሷ እኮ ሸክም ካልተጫናት አትናገርም፤ እኔ ጅሉ ባዶዋን ስነዳት ከረምኩ!»

ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን አነሱ። «ቆይ፣ ቆይ። በአፍ በተሠራ ድምፅ ደብዳቤ አልሽርም። በጆሮዬ ልስማው።»

«እንግዲያው ሙሉ አውቶቡስ አምጡልኝ» አሉ ዋናው።

መምህራችን ዞር ብላ አየችን። ማርከሯን ጆሮዋ ላይ ሰካች። «ሠላሳ ስምንት ናችሁ» አለች። «ምን ትጠብቃላችሁ?»

ወንበር እየተገለበጠ ወጣን። ሕይወቴን ሙሉ በአውቶቡስ ሄጃለሁ፤ ለመሳፈር እንዲህ ስጋፋ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ሹፌሮቹም ተከተሉን። ሥራ አስኪያጁ መሀል ላይ ማንጠልጠያ ይዘው ቆሙ። ዋናው ፍሬኑን ሁለት ጊዜ ፈትሸው፣ ከጋራዡ ጀርባ ያለችውን አጭር ቁልቁለት ብቻ፣ በቀስታ፣ ብለው አዘዙና መተላለፊያው ላይ በሆዳቸው ተኝተው ጆሯቸውን ከወለሉ አጣበቁ። አባቴ መሪውን በጨርቁ ወለወለ። እንደ ሁልጊዜው፣ ሳይቸኩል።

«ማንም እንዳይተነፍስ!» አሉ ዋናው ከታች።

ያኔ ዘወር ብዬ አየሁ። ሠላሳ ስምንቱም ተማሪ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ቀኝ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። መምህራችንም ጭምር።

ቁልቁለቱ ጀመረ። ሁለተኛ ማርሽ፣ ምንም። ሦስተኛ፣ ምንም። የመስታወቶቹ መንቀጥቀጥ ብቻ። ግማሹን ወረድን፤ ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እኔ የአባቴ ማጅራት ላይ አፍጥጫለሁ። ጩኺ እንጂ፣ አንቺ ቆርቆሮ! ጩኺ!

እና ከእግራችን ሥር መጣ። ውውውውም። መጀመሪያ በጫማዬ ሰማሁት። ውውውውም። ቀለሜ ክንዴን ጨመደደው። ውውም ቅ ቅ ቅ ቅ፤ ልክ አባቴ እንዳለው፣ ቅውን እንኳ አራት ጊዜ።

አውቶቡሱ በጩኸት ተናጋ። በተበላሸ መኪና ውስጥ ሆኖ እንዲህ የተደሰተ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። እየዘለልን፣ እየተቃቀፍን «ቅ ቅ ቅ!» ስንል ዋናው ከታች «ቁም! ቁም በለው! አትዝለሉብኝ!» ይላሉ። አባቴ ዳር ይዞ በቀስታ አቆማት። ሥራ አስኪያጁ ፊታቸው ነጣ፤ «ሰው ጭነን… በየቀኑ…» ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ።

ዋናው ሥር ገብተው ሲወጡ ጥቁር የላስቲክ ቁራጭ ይዘዋል። የኩሽኔታዋ ላስቲክ አልቆ ዘንጉ በአንድ ጎን ተንጠልጥሏል። ሌላ ሁለት ሳምንት ብትሄድ ዘንጉ መንገድ ላይ ይወድቅ ነበር አሉ። ቁራጩን ለሥራ አስኪያጁ ሰጥተው ወደ አባቴ ዞሩ። «ጆሮ ያለህ አንተ ነህ፣ ወንድሜ። ይቅር በለኝ።»

«ደብዳቤው ተሽሯል» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«በጽሑፍ» አለ አባቴ።

አርባ ሰባት ቁጥር ተጎትታ ስትመለስ እኛ ቁልቁለቱን በእግራችን ወጣነው። እኔና ቀለሜ ጋራዡ በር ላይ፣ አባቴ ሰኞ ሊቀመጥበት በነበረው አግዳሚ ላይ፣ ላፕቶፑን ከፈትን። «ምንም የለም»ን ፊደል በፊደል ሰረዝኳት። በቦታዋ ዋናው በርሜሉ ጋ የነገሩኝን ጻፍኩ፦ «እስካሁን አልሰማሁትም፣ እስቲ ድገምልኝ።»

«ረዘመ» አለ ቀለሜ። «አዝራሩ ውስጥ አይገባም።»

«አዝራሩን አስረዝመዋ!» አልኩት። አስረዘመው። ቀለሙንም ቀየረው፤ በዚያ ቀን ምንም አላልኩትም።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት የሄድኩት አዲስ ኩሽኔታ በገባላት አርባ ሰባት ቁጥር ነው። ከአባቴ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ ሰው እየሞላ ነው። ቁልቁለቱን በጸጥታ ወረድናት። ታች ስንደርስ አባቴ በመስታወቱ አየኝ።

«ሌላ አለ» አለኝ። «ቀጭን ነው። ሰማሽ?»

ጆሮዬን ቀሰርኩ። ሞተሩን ሰማሁ፣ የሰዎቹን ወሬ ሰማሁ፣ ሌላ ምንም አልሰማሁም። ባለፈው ሳምንት ቢሆን ምን እለው እንደነበር አውቃለሁ።

«እስካሁን አልሰማሁትም፣ አባዬ» አልኩት። «እስቲ ድገምልኝ።»

አባቴ የአንገት ቁልፉን ከፈተ። አውቶቡስ ሙሉ ተሳፋሪ እየሰማው፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ «ፂ… ፂ… ፂፂ» አለ። እኔም እጄን አፌ ላይ አድርጌ ሰማሁት።